የድሮ መኪና ታይትል ሲጠፋ ምትኩን መጠየቅ የሚችለው ማን ነው? (ቴክሳስ)

ባለካምሪ፣ ጋርላንድ

ጤና ይስጥልኝ። የ2004 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ ከአንድ የአገር ልጅ በ3,000 ዶላር ገዛሁ። ሻጩ ገንዘቡን ሲቀበል ስሙን፣ ቀኑን፣ ዋጋውንና ቪን የሚባለውን የመኪናዋን ልዩ መለያ ቁጥር የያዘ የሽያጭ ወረቀት ፈርሞ ሰጥቶኛል። ታይትሉ (የመኪናዋ የባለቤትነት ማረጋገጫ ወረቀት) ግን ቤት ሲቀይር ከሌሎች ወረቀቶች ጋር እንደጠፋበት ገልጾ፣ ምትክ ማውጣት ቀላል ስለሆነ እኔው ራሴ እንዳወጣ ነገረኝ። ወደ ካውንቲው ታክስ ቢሮ ስሄድ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ምትክ ታይትል እነርሱ ዘንድ እንደማይሰጥ፣ የሚሰጥበት ቦታ ብሄድም ለእኔ እንደማይሰጠኝ ነግራ መለሰችኝ። ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ፣ መኪናዋም የቆመችው እኔ በር ላይ ሆኖ ሳለ ምትኩን ለመጠየቅ መብት የማይኖረኝ ለምንድን ነው? በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ ከየት መጀመር እንዳለብኝ ቢያስረዳኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የወረቀት ሰው፣ ዳላስ

ወንድሜ፣ ቀደም ሲል በአንድ የመኪና መሸጫ ድርጅት የታይትል ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁ ይህ ጉዳይ በየሳምንቱ ይገጥመኝ ነበር። ሠራተኛዋ የነገረችዎት ትክክል ነው። በቴክሳስ የጠፋ ታይትል የተረጋገጠ ቅጂ የሚጠየቀው ቪቲአር-34 በሚባለው ፎርም ሲሆን፣ ፎርሙን መፈረም የሚችለው በግዛቱ መዝገብ ላይ በባለቤትነት የተመዘገበው ሰው፣ በመዝገቡ ላይ የብድር መያዣ ያለው ባንክ ወይም ከእነዚህ ውክልና የተሰጠው ወኪል ብቻ ነው። መዝገቡ ገንዘብ ማን እንደከፈለ አያውቅም፤ የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ታይትል በስሙ የወጣለትን ሰው ነው። እርስዎ አሁን በእጅዎ ያለው ከሻጩ ጋር ያደረጉት ውል እንጂ በመዝገቡ ላይ ያለ ስም አይደለም።

ቦታውን በተመለከተ፣ ካውንቲው ታይትል በአዲስ ስም እንዲዞር ማመልከቻ ይቀበላል እንጂ የጠፋውን አይተካም። የጠፋውን የሚተካው የግዛቱ የሞተር ተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት በየአካባቢው የከፈታቸው የአገልግሎት ማዕከላት ናቸው። ክፍያው በፖስታ ሲላክ 2 ዶላር፣ በአካል ሲቀርቡ 5 ዶላር ከ45 ሳንቲም ነው። በአካል መሄድ ይሻላል፤ ፎርሙ ላይ ስህተት ቢኖር እዚያው ታርሞ ይመለስልዎታል፣ በፖስታ የተላከ ግን በአንዲት ያልተሞላች መስመር ምክንያት ሳምንታት ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል። አመልካቹ ፎቶ ያለበትና ጊዜው ያላለፈበት መታወቂያ መያዝ አለበት።

ስለዚህ ከየት ልጀምር ላሉት ጥያቄ መልሴ፣ ከሻጩ ጋር ያለዎትን ግንኙነት እንዳያበላሹ ነው። በዚህ ጉዳይ ከእርሱ ፊርማ የሚበልጥ መሣሪያ የለዎትም። ስልኩን የሚያነሳ፣ በአንድ ቀጠሮ አብሮዎት ወደ ማዕከሉ የሚሄድ ሻጭ ካለዎት ጉዳይዎ በአጭሩ ያልቃል።

የመንገድ ልጅ፣ ሂውስተን

ይህን ሁሉ መጨነቅ ምን አመጣው? ቬርሞንት የሚባለው ግዛት ከ15 ዓመት በላይ ለሆነ መኪና ታይትል ስለማይጠይቅ፣ የሽያጭ ወረቀቱን በፖስታ ልኮ የቬርሞንት ታርጋና ምዝገባ ማስመጣት፣ ከዚያም በዚያ ምዝገባ ቴክሳስ ላይ ታይትል ማውጣት ይቻላል። የማውቃቸው ልጆች በዚህ መንገድ ጨርሰዋል።

የወረቀት ሰው፣ ዳላስ

የማይዘነጋ ነገር ቢኖር ያ መንገድ ለረጅም ዓመታት በመላው አሜሪካ የታወቀ እንደነበረ ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ቬርሞንት ነዋሪዎቿ ላልሆኑ ሰዎች አሠራሯን አጥብቃለች። በጓደኛ ወሬ ተመርቶ ገንዘብና የሽያጭ ወረቀት ወደዚያ መላክ ዛሬ ዋጋ የለውም። ባለካምሪ የቴክሳስ ነዋሪ ናቸው፣ መኪናዋም ቴክሳስ ውስጥ የተመዘገበች ትመስላለች፤ መፍትሔውም እዚሁ ነው።

በነገራችን ላይ ታይትል ፈጽሞ የማይሰጥባቸው አሮጌ መኪናዎች ያሉባቸው ግዛቶች አሉ። ኒውዮርክ ለ1972 ሞዴልና ከዚያ በፊት ለተሠሩ መኪናዎች ታይትል አይሰጥም፤ እዚያ የሚተላለፈው የምዝገባ ወረቀቱ ነው። ካምሪ ግን የዚያ ዘመን ሰው አይደለችም።

እህተ ማርያም፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ

የባለካምሪን ጥያቄ ሳነብ አንድ ነገር መጠየቅ ፈለግሁ። ሻጩ "ጠፋብኝ" ያለው ታይትል በእርግጥ በሻጩ ስም የወጣ ነበር? በእኛ ሰፈር መኪና ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ስም ሳይዞር ሦስት ሰው ጋ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ሁሉም ታይትሉን "በኋላ አዞራለሁ" እያለ በኪሱ ያቆየዋል፤ ቀጣዩን ገዢ ሲያገኝም ያንኑ በሌላ ሰው የተፈረመ ወረቀት ያስተላልፋል። ሻጩ ታይትሉን አሳይቶዎት ያውቃል ወይስ በቃል ብቻ ነው የነገረዎት? በመኪናዋ የጓንት ሳጥን ውስጥ አሮጌ የምዝገባ ወረቀት ወይም የኢንሹራንስ ካርድ ካለ የማን ስም እንዳለበት ይመልከቱ።

ባለካምሪ፣ ጋርላንድ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጓንት ሳጥኑን ስፈትሽ ከዘይት መቀየሪያ ደረሰኞች መካከል ጊዜው ያለፈበት የምዝገባ ወረቀት አገኘሁ፤ ስሙም የሻጩ አይደለም። ሻጩን ስጠይቀው መኪናዋን ከሌላ ሰው እንደገዛት፣ ያ ሰው ወደ አዲስ አበባ ጠቅልሎ ሲገባ ታይትሉን ፈርሞ እንደሰጠው፣ እርሱ ግን በስሙ እንዳላዞረውና እንደጠፋበት አመነ። የመጀመሪያው ባለቤት በባንክ ብድር እንደገዛትና ብድሩን ከፍሎ እንደጨረሰ ሰምቷል፤ የባንኩ ስም ግን ዛሬ የለም፣ በሌላ ባንክ ተጠቅልሏል። የአዲስ አበባው ሰውዬ ስልክ አለው፣ በቫይበር ያገኘዋል። አሁን ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበብኝ።

የወረቀት ሰው፣ ዳላስ

ተወሳሰበ ማለት ይቻላል፤ ግን ዋናው መረጃ አሁን ተገኝቷል። ምትኩን ሊጠይቅ የሚችለው የሸጠልዎት ሰው ሳይሆን አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ ነው። ሻጩ ፎርሙን ቢፈርም እንኳ መዝገቡ ውስጥ ስሙ ስለሌለ ወዲያው ይመለሳል። እንዲያውም የምዝገባ ወረቀቱን ማግኘትዎ ትልቅ ዕድል ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የባለቤቱን ስም እንዲሁ ለጠየቀ ሁሉ አይሰጥም፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የአሽከርካሪዎችን የግል መረጃ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አለ።

በቅደም ተከተል ልናገር። ባንኩን አስቀድሙት፤ ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ያስታውሰውና የተሞላው ፎርም ሁሉ በእርሱ ምክንያት ይመለስበታል። ብድሩ ቢከፈልም፣ መያዣው ከመዝገቡ እስካልተነሣ ድረስ በወረቀት ላይ መኪናዋ ዛሬም የባንኩ መያዣ ናት፤ ስለዚህ ከቪቲአር-34 ጋር ዋናው የመያዣ መልቀቂያ ሰነድ መያያዝ አለበት። ባንኩ ስሙ ቢጠፋም መዝገቡ አይጠፋም። ሌላ ባንክ ገዝቶት ከሆነ መልቀቂያውን የሚጽፈው የገዛው ባንክ ነው፤ ለምሳሌ ዋኮቪያ የነበረው ዛሬ ዌልስ ፋርጎ ነው፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 የወደቀው ዋሽንግተን ሙችዋል ደግሞ ወደ ቼዝ ገብቷል። ባንኩ ወድቆ በኤፍዲአይሲ (ለባንክ ተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና በሚሰጠው የፌዴራል ተቋም) እጅ ከገባና መያዣውን የወሰደ ሌላ ባንክ ከሌለ መልቀቂያውን የሚሰጠው ራሱ ኤፍዲአይሲ ነው፤ ለዚህም የታይትሉን ወይም የመዝገቡን ቅጂና ብድሩ ለመከፈሉ ማስረጃ ይጠይቃል። የትኛው ባንክ ወደየት እንደገባ ለማወቅ ኤፍዲአይሲ ባንክፋይንድ የሚባል መፈለጊያ በድረ ገጹ ላይ አለው። ከባንኩ ጋር የሚነጋገረው ግን ተበዳሪው ወይም ወኪሉ እንደሚሆን አይርሱ፤ ስለ ብድሩ ከእርስዎ ጋር አያወሩም።

መልቀቂያው ሲገኝ የአዲስ አበባው ሰውዬ እዚህ ያለ የሚያምነውን ሰው መወከል ይችላል። ለዚህ የተዘጋጀ ቪቲአር-271 የሚባል የተወሰነ ውክልና ፎርም አለ፤ የወካዩና የተወካዩ መታወቂያ ቅጂዎች አብረው ይቀርባሉ።

አሮጌ መኪና በመሆኗ አንድ ነገር ይቀልልዎታል። የማይል ቆጣሪ ማሳወቂያ ግዴታ የ2010 ሞዴልንና ከዚያ በፊት የተሠሩትን አይመለከትም፤ የ2011 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ያሉት ግን ለ20 ዓመት ይገደዳሉ። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ውክልናን አስቸጋሪ የሚያደርገው በአብዛኛው ይህ ማሳወቂያ ስለሆነ፣ የእርስዎ ጉዳይ ከዚያ ወጥመድ ውጭ ነው።

የመንገድ ልጅ፣ ሂውስተን

እንዲህ ከሆነ ደግሞ አጭሩ መንገድ ይታየኛል። የአዲስ አበባው ሰውዬ በወኪሉ በኩል ምትኩን ያውጣና በቀጥታ ለባለካምሪ እንደሸጠ አድርጎ ይፈርም። መካከል ላይ ያለው ሰው (ለባለካምሪ የሸጠው) ስሙ የትም ስላልተጻፈ ማንም አያውቅም፤ ታክስም አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል።

የወረቀት ሰው፣ ዳላስ

ይህን ምክር ማንም እንዳይከተል እለምናለሁ። 130-ዩ የሚባለው የታይትል ማመልከቻ ፎርም ላይ ሻጭና ገዢ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት በቴክሳስ የሦስተኛ ደረጃ ከባድ ወንጀል እንደሆነ ማስጠንቀቂያው እዚያው ፎርሙ ላይ ተጽፏል። ባለካምሪ ደግሞ መካከል ያለው ሰው በስሙ የፈረመው የሽያጭ ወረቀት በእጃቸው አለ፤ ሁለት የሚቃረኑ ሰነዶች ላይ ፊርማቸውን ማኖር የለባቸውም። ትክክለኛው አካሄድ የአዲስ አበባው ሰውዬ ለመካከለኛው፣ መካከለኛው በስሙ ታይትል ካወጣ በኋላ ለባለካምሪ ማስተላለፉ ነው። የመካከለኛው ታክስና የዘገየበት ቅጣት የመካከለኛው ዕዳ ነው እንጂ የገዢው አይደለም። ሻጩ ይህን ካልፈለገ ገንዘቡን መልሶ መኪናውን መረከብ ይችላል፤ ይህንንም በትሕትና ግን በጽሑፍ ማሳወቅ ተገቢ ነው።

እጓለ ሕግ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የሕግ ትምህርቴን የተማርኩት አገር ቤት ስለሆነ ስለ ቴክሳስ ሕግ ከላይ የተጻፈውን ለባለሙያው ልተው፤ ነገር ግን ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ማስታወስ የሚጠቅም ይመስለኛል። አገር ቤት መኪና ሲሸጥ ብዙ ሰው ስም ከማዛወር ይልቅ የመሸጥ የመለወጥ ሥልጣን ያለበት ውክልና ይሰጣል፤ ገዢው በውክልናው እየነዳ፣ ሊብሬው ግን በቀድሞው ባለቤት ስም እንዳለ ዓመታት ያልፋሉ። ገዢው ራሱን ባለቤት አድርጎ ያያል፣ በሕግ ዓይን ግን ወኪል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2232 ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው እንደሚቀር ይደነግጋል፤ ያን ጊዜ ገዢው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይቆማል። የሰው ልማድ ከባሕር ማዶ አብሮት ይሻገራልና፣ እዚህም ታይትል ተፈርሞ ከተሰጠ ሁሉ ያለቀ መስሎ የሚታየን ለዚህ ነው።

ስለዚህ ባለካምሪ ውክልናውን ሲያስፈጽሙ የአዲስ አበባው ሰውዬ በሕይወትና በጤና እያለ ይጨርሱት እንጂ እየዋለ እያደረ አይበሉት።

እህተ ማርያም፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ

የእጓለ ሕግን ሐሳብ በተግባር አይቼዋለሁ። አባታችን ሲያርፉ ቴክሳስ የተመዘገበች አሮጌ ፒክአፕ ትተው ነበር፤ ታይትሏን አላገኘነውም። ኑዛዜም ሆነ የፍርድ ቤት የውርስ ሂደት ስላልነበረ፣ ቪቲአር-262 በሚባለው የወራሾች መሐላ ሁላችንም ወራሾች በኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ፈርመን ነው ወደ ወንድማችን ስም ያዞርናት። አንዱ ወራሽ አልፈርምም ቢል ጉዳዩ እዚያው ይቆም ነበር። አራት ግዛት ውስጥ ተበትነን ስለምንኖር ፎርሙ ከአንዱ ወደ አንዱ በፖስታ ሲዞር የከረመበት ጊዜ አሁንም ያስቀኛል።

ስደተኛዋ፣ ጆርጂያ

ይቅርታ፣ ውይይቱን እያነበብኩ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። የአዲስ አበባው ሰውዬ ባይገኝ፣ ወይም ተገኝቶ አልተባበርም ቢል ባለካምሪ ምን ያደርጋሉ? መኪናውን ለብረት ይሸጡታል?

የወረቀት ሰው፣ ዳላስ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቴክሳስ ለዚህ ቦንድድ ታይትል የሚባል መንገድ አለው። አመልካቹ ቪቲአር-130-ኤስኦኤፍ በሚባለው ፎርም መኪናው እንዴት እጁ እንደገባና ታይትሉ ለምን እንደሌለ ያስረዳል፤ ያለውን ማስረጃ ሁሉ፣ የሽያጭ ወረቀቱንም ጭምር፣ አያይዞ 15 ዶላር ከፍሎ ለአገልግሎት ማዕከሉ ያቀርባል። ተቀባይነት ካገኘ ግዛቱ የመኪናውን ዋጋ ይወስንና አመልካቹ የዚያን ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ የሚሸፍን የዋስትና ቦንድ ከዋስትና ድርጅት እንዲገዛ ይነገረዋል። ዋጋው 4,000 ዶላር ቢባል ቦንዱ 6,000 ዶላር ይሆናል ማለት ነው፤ አመልካቹ የሚከፍለው ግን 6,000ውን ሳይሆን ለድርጅቱ የሚሰጠውን እጅግ ያነሰ የአረቦን ክፍያ ነው። ቦንዱ የሚቆየው ለ3 ዓመት ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ እውነተኛ ባለመብት ነኝ የሚል ሰው ቢነሣ የሚካሰው ከእርሱ ነው። ድርጅቱ ለባለመብቱ የከፈለውን በኋላ ከአመልካቹ እንደሚጠይቅ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ቦንዱ ለሌላው ሰው መድን እንጂ ለእርስዎ መድን አይደለም።

መኪናው በአመልካቹ እጅ መሆን አለበት፤ የተጣለ፣ የተሰረቀ ወይም በክስ ላይ ያለ መሆን የለበትም። በመዝገቡ ላይ መያዣ ካለ ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ያለፈው መሆን አለበት፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ መልቀቂያ ያስፈልጋል። የካምሪዋ ብድር ከተወሰደ ከዚያ በላይ እንደሆነ ስለማስብ፣ በዚህ መንገድ ባንኩን የማሳደዱ ጣጣ ሊቀር ይችላል። ይህ ግን ሰውየው በቫይበር እየተገኘ ለመሄድ የሚያስመኝ መንገድ አይደለም። ቦንድድ የሚለው ምልክት ታይትሉ ላይ ይታተማል፤ መኪናውን ቆይቶ የሚገዛ ሰው ያየዋል፣ ዋጋም ያወርድበታል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ፣ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የቪን ቁጥሩን በዳሽቦርዱ ላይ፣ በበሩ ምሰሶ ላይና በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ከ1981 ሞዴል ወዲህ ቪን 17 ፊደላትና ቁጥሮች አሉት፤ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ፈጽሞ አይገቡበትም፤ በሽያጭ ወረቀት ላይ ዜሮ መሆን የነበረበት በኦ ተጽፎ ስንት ማመልከቻ ሲመለስ አይቻለሁ። የተሰረቀ መኪና እንዳይሆን ኤንአይሲቢ በሚባለው የኢንሹራንስ ድርጅቶች ተቋም ድረ ገጽ በነጻ ማጣራት ይቻላል።

ጭነት ላኪ፣ ሂውስተን

ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ቢልም፣ መኪና ወደ ውጭ አገር ለመላክ ለምታስቡ ሁሉ፣ የአሜሪካ ጉምሩክ በመርከብ የሚላክ ያገለገለ መኪና ከመጫኑ ቢያንስ 72 ሰዓት በፊት ታይትሉንና መኪናውን ማየት ይፈልጋል። ዋናው ከጠፋ የተረጋገጠ ቅጂ ይቀበላል፤ የሽያጭ ወረቀት ብቻ ግን አይቀበልም። ወደ ኢትዮጵያ ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎችን ማስገባት እ.ኤ.አ. በ2024 ስለታገደ ካምሪዋ ወደዚያ እንደማትሄድ የታወቀ ነው፤ ወደ ሌላ አገር የሚልክ ሰው ግን ይህን ይያዝ።

ባለካምሪ፣ ጋርላንድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሻጩን ትናንት ማታ አነጋገርኩት፤ መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ግን የ130-ዩ ማስጠንቀቂያውን ሳነብለት ለዘብ አለ። የአዲስ አበባው ሰውዬ ዳላስ ያለችውን እህቱን ለመወከልና ለባንኩም እርሷ እንድትጽፍለት ተስማምቷል። የቀረኝ ጥያቄ ታክሱ ነው። በ3,000 ዶላር ስለገዛሁ 6.25 በመቶ የሚሰላው በዚያ ላይ ነው?

የወረቀት ሰው፣ ዳላስ

የግድ አይደለም። ቴክሳስ ለእያንዳንዱ ያገለገለ መኪና የሚገመት ዋጋ በመዝገብ ይይዛል፤ የከፈሉት ዋጋ ከግምቱ 80 በመቶ በታች ከሆነ ታክሱ የሚሰላው በዚያ 80 በመቶ ላይ ነው። ለምሳሌ ግምቱ 4,500 ዶላር ቢሆን 80 በመቶው 3,600 ስለሆነ ታክሱ 225 ዶላር ይመጣል፤ በ3,000 ቢሰላ 187 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆን ነበር። መኪናዋ ጉዳት ካለባትና ግምቱ በዝቷል ብለው ካመኑ ፈቃድ ያለው የመኪና ነጋዴ የዋጋ ግምት ሊጽፍልዎ ይችላል፤ ጽሑፉ ግን ከግዢው በኋላ 20 የሥራ ቀናት ሳያልፉ መቅረብ ስላለበት፣ የግዢው ቀን መካከለኛው በስሙ ታይትል አውጥቶ በሕጋዊ መንገድ ለእርስዎ የሚያስተላልፍበት ቀን እንዲሆን ከካውንቲው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮም ማመልከቻውን ለማስገባት 30 ቀን አለዎት። የታይትሉ ክፍያ በዳላስ ካውንቲ 33 ዶላር ነው።

ሻጩም ለራሱ ሲል ታርጋውን ፈትቶ ይውሰድ፤ መኪናዋን ማስረከቡንም ቪቲአር-346 በሚባለው ነጻ ማሳወቂያ በ30 ቀን ውስጥ ለግዛቱ ያሳውቅ። ያን ካላደረገ እርስዎ በቶል (ክፍያ በሚጠየቅበት) መንገድ የሚያልፉበት ሒሳብ ሁሉ ወደ እርሱ ቤት ይሄዳል። የባንኩ መልቀቂያ ከደረሰ በኋላ ማዕከሉ ቀጠሮ ስለሚፈልግ አስቀድመው ይያዙ፤ እህቲቱም የወንድሟን መታወቂያ ቅጂ፣ የራሷን መታወቂያና ዋናውን መልቀቂያ ይዛ ትሂድ፣ የመልቀቂያው ፎቶኮፒ አይቀበሏትም።